የኤችዲኤምአይ ሽምግልና

አያ ጌታሰው ለልጃቸው ለምንዋጋው ጎጆ የገዙት ቴሌቪዥን ከወልድያ የመጣው በአውቶቡስ ጣራ ላይ ነው። ረዳቱ "አባባ፣ ይሰበራል፤ ኋላ ወንበር ላይ እንደ ሰው ላስቀምጠው" ብሎ ለምኗቸው ነበር። አያ ጌታሰው ግን "ልጅ እየዳርኩ ነው እንጂ ሰርቄ እየገባሁ ነው እንዴ?" ብለው ጣራ ላይ አስጫኑት። ሰቆጣ መናኸሪያ የዋለ ሰው ሁሉ አየው። ያላየው ደግሞ ካየው አስበልጦ አወራ።

ሙሽሪት እየሩስ ወሬውን የሰማችው በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሆና ነው። ጠዋት የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የመጣች ሴት "አምሳ አምስት ኢንች ነው አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ስልሳ አምስት ሆነ። ማምሻውን ለጨጓራቸው ኪኒን የሚወስዱ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዋን ተደግፈው "ልጄ፣ በበር አልገባ ብሎ ግድግዳ ሊያፈርሱለት ነው የሚባለው እውነት ነው?" አሏት።

"ኧረ አባባ፣ ጣራውን ነው የሚያነሱለት" አለችና ኪኒኑን ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

በዋግ ጋብቻ በእኩል ነው። የወንዱ ወገን በሬ ካመጣ የሴቷም ወገን በሬ ያመጣል፤ ያኛው ፍየል ከነዳ ይሄኛውም ይነዳል። ድሮ ሽማግሌዎች የበሬውን ከንፈር ገልጠው ጥርሱን፣ ሻኛውን ዳብሰው ሥጋውን ያመዛዝኑ ነበር። ሙሽሮች ከተማ እየገቡ ሲሄዱ በሬው ፍሪጅ ሆነ፣ ፍየሎቹም የሻይ ብርጭቆ ሆኑ፤ የሽማግሌዎቹ ዓይን ግን እዚያው በረት ውስጥ ቀረ። እናም አያ ጌታሰው ቴሌቪዥን ሲያመጡ፣ የእየሩስ አባት፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አቶ ደጅይጥኑ፣ ሬሲቨር ከነዲሹ፣ በላዩ ላይም ቁመታቸው ከሙሽሪት ትከሻ የሚደርስ ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው ሆም ቲያትር ገዝተው እኩል ወጡ። ሙሽራው ምንዋጋው በላጤነቱ ዘመን ያየው የነበረው፣ ጀርባው እንደ ጎተራ ያበጠው አሮጌ ቴሌቪዥን ለአከራዩ ተሰጠ።

ዕቃው የተከፈተ ቅዳሜ እየሩስ ለወሬ እንዳይመች ብላ ጓደኛዋን ፋኢዛን ይዛ ነው ምንዋጋው ቤት የሄደችው። ፋኢዛ ገበያው አፍ ላይ ያለውን የአባቷን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የምትመራ፣ ምላሷም እንደ ደህና ሚዛን የማይዋሽ ልጅ ናት። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ዳበሰች፣ የሬሲቨሩን ካርቶን ገለበጠች፣ ከውስጡ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ጫፍ ያለው ሽቦ አወጣችና ሳቀች።

"ይሄ ለዚያ ለጎተራው ነው የሚሆነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ይሄ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ኤችዲኤምአይ ገመድ ያስፈልጋችኋል።"

"ሱቅሽ የለም?" አለች እየሩስ።

"ሞልቷል።"

"በቃ ተነሱ፣ እንግዛው።"

ምንዋጋው ራሱን አከከ። የዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ ራሱን ሲያክ ዕቅድ እያወጣ ነው ማለት ነው። "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "የማን ወገን ነው የሚገዛው?"

እየሩስ የቀለደ መሰላት። ምንዋጋው ቀልደኛ ነው፤ መጀመሪያም የወደደችው ለዚሁ ነው። አልቀለደም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎች አቶ ደጅይጥኑ ቤት ተቀመጡ። እየሩስ ከእናቷ ከወይዘሮ እታገኝ ጋር ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

"ሞፈርና ቀንበር አንድ የሚሆነው በምራን ነው" አሉ አያ ጌታሰው። "እኔ ቀንበሬን አምጥቻለሁ። ሞፈር አመጣሁ የሚል ሰው ከነማሰሪያው ነው የሚያመጣው። ምራኑን ቤቱ ሰቅሎ ሞፈሩን ብቻ ተሸክሞ እርሻ የሚወርድ በፃግብጂም በጽጽቃም አላየሁም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና" አሉ አቶ ደጅይጥኑ፣ ድሮ የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ ይናገሩበት በነበረው ድምፅ፣ "ምስሉ የሚነሳው ከእኔ ሬሲቨር ነው። ወደ እርስዎ ቴሌቪዥን እንግዳ ሆኖ ነው የሚሄደው። እንግዳ ለመቀበል ደጅ የሚወጣው ማነው? ባለቤቱ አይደለም?"

"እንግዳ ከሆነማ በገዛ እግሩ ይምጣ!"

የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ደግሰው በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "ነገሩ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይታይ። ገመድ የሚያመጣው ውሃው ነው ወይስ ውሃ ቀጂው?" አንዱ ቀጂው አለ። ሌላው ቀጂው ቴሌቪዥኑ ነው አለ። ሦስተኛው የለም፣ ቀጂው ሬሲቨሩ ነው፣ ከሰማይ የሚቀዳው እሱ ነው አለ። በአማርኛ ያልተስማሙትን በኽምጣኛ ሊሞክሩት ተሻገሩ። በኽምጣኛም አልተስማሙም።

እየሩስ ጓዳ ውስጥ እጇን በአፏ ላይ ጭና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። እናቷ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት።

"ዝም በይ፤ ይሰሙሻል። እኔ ስዳር በአህያ ኮርቻ ነው እንዲህ የተቀመጡት።"

"ማን ረታ?"

"አህያዋ ሞተች።"

ወይዘሮ እታገኝ ይህን ሲናገሩ አልሳቁም። እየሩስም እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። እናቷ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የገዛ ቤታቸውን ወንበር ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ለማዞር አማታቸውን ሲያስፈቅዱ፣ አማታቸው ሲሞቱ ደግሞ የባላቸውን እህት ሲያስፈቅዱ አይታ ነው ያደገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ለራሷ የነገረችው አንድ ነገር ነው፤ የእኔ ቤት ነገር በእኔና በባሌ መካከል ያልቃል። ከዚህ ሌላ ከትዳር የጠየቀችው ነገር የለም። ኢንቹን የጠየቀ የለም።

በነጋታው ምንዋጋውን እጁን ጎትታ ፋኢዛ ሱቅ ወሰደችው። "ሽማግሌ ሳይሰማ እንገዛዋለን፤ ተሰክቶ ሲገኝ ማን ገዛው ብሎ የሚጠይቅ የለም" አለችው። እሱም ሳቀና ተከተላት።

ፋኢዛ ገመዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። አጭር ጥቁር፤ በቀይ ክር የተጎነጎነ፤ ጫፉ ወርቃማ የሆነ፤ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፤ ደግሞ ለስብሰባ አዳራሽ የሚሆን፣ እንደ ጅራፍ የተጠቀለለ ረጅም።

"ይሄ ወርቅ ነው?" አለ ምንዋጋው።

"ቅብ ነው።"

"ወርቁ ምን ይሠራል?"

"ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።"

"ምስሉንስ?"

"ወላሂ ምስሉ ወርቅ መሆኑን አያውቅም። ሬሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ሥር አይደል የሚቀመጠው? ለዚያ ርቀት ይቺ አጭሯ ትበቃለች። ረጅሙን ከወሰዳችሁ ምስሉ መንገድ ላይ ይደክማል፤ በተለይ ይሄ የኔ ረጅሙ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥሩ ዕቃ አይደለም። አባቴ ተታሎ ነው ያመጣው።"

እየሩስ ይህን ነገር ከመድኃኒት ቤቷ ታውቀዋለች። ያው አንዱ መድኃኒት፣ በደህና ካርቶን ሲመጣና በተራ ወረቀት ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ የካርቶኑን ነው የሚጠይቃት። አጭሯን ጥቁር ገመድ መረጠች። ምንዋጋው ወርቃማዋን አንድ ጊዜ ዳሰሳት፣ ከዚያ "እሺ፣ ያንቺ ይሁን" አለ።

ሦስቱ ቤቱ ሄደው ሰኩት። መጀመሪያ ሰማያዊ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ጋዜጠኛ ክራባቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እስኪቆጠሩ ድረስ ጥርት ብሎ ብቅ አለ። ድምፅ ማጉያዎቹ አጉረመረሙ። ምንዋጋው ዘለለ። በእውነት ዘለለ፤ ጫማው ወልቆ ከጋዜጠኛው አገጭ ሥር አረፈ። ፋኢዛ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "አየሽ?" አለ እየሩስን በሁለት እጁ ትከሻዋን ይዞ። "አየሽ ቤታችንን? እዚህ ውስጥ ከኔና ካንቺ ሌላ አዛዥ የለም!"

ያቺን ቃል እየሩስ ይዛት ሄደች። መድኃኒት ስትቆጥር ትዝ ትላታለች፤ ቁጥሩ ይጠፋባታል።

ነገር የተለወጠው የገበያ ቀን ነው። ከበግ ነጋዴዎች መካከል አንዱ "አያ ጌታሰው ቴሌቪዥን ገዝተው ለማሰሪያው አጡ አሉ" ብሎ ሳቀ። አያ ጌታሰው ሰሙ። ገመዱ የሴቷ ወገን ዕዳ ነው ብለው ሲከራከሩ የከረሙት ሰው፣ በዚያው እግራቸው ፋኢዛ ሱቅ ደረሱ።

"ትልቁን ስጪኝ።"

"አባባ፣ ለምን ያህል ርቀት ነው?"

"ርቀቱ ምን አገባሽ? ከሁሉ የሚረዝመውን፣ ወርቅ ያለበትን።"

"ረጅሙ ወርቅ የለበትም። ደግሞም ጥሩ አይደለም፣ አልመክርዎትም።"

"የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ሲያጣጥል አይቼ አላውቅም። ለሴቷ ወገን ልታስቀሪው ነው? እኔ አውቅሻለሁ፣ ጓደኛዋ ነሽ።"

ፋኢዛ ረጅሙን ጠቀለለችላቸው። ያን ዕለት ምሽት ምንዋጋው ደወለና "አጭሯን ነቅያታለሁ፤ አባቴ የሱን ይዞ መጣ። ፋኢዛ ጋ ትቼልሻለሁ፤ አንቺ ያዣት፣ ኋላ እናየዋለን" አላት። እየሩስም ገመዷን ከፋኢዛ እጅ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሊደረግ ከታሰበው ሠርግ በፊት የሚቀረው ዕቃ ማየት ብቻ ነበር። ሁለቱ ወገን ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ ያንዱ ከሌላው ይመዛዘናል፣ ይመረቃል፣ ይጨረሳል። አያ ደግሰው ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው መሐል ተቀመጡ። አባቶቹ ግራና ቀኝ ሆኑ። እየሩስ እንደ ወጉ ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቆመች። ምንዋጋው ሪሞቱን ያዘ።

ረጅሙ ገመድ ከሬሲቨሩ ወጥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ሶፋው ሥር ገብቶ፣ መሐል ወለል ላይ ክምር ሠርቶ፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ይወጣል። ከሬሲቨሩ እስከ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ቢለካ ክንድ አይሞላም።

"ክፈተው" አሉ አያ ጌታሰው።

ምስሉ ብልጭ አለ፤ ጠፋ። እንደገና መጣ፤ የዜና አንባቢዋ ፊት ላይ አረንጓዴ ነጥቦች እንደ ኩፍኝ ፈሉባት፤ ከዚያ አፏን እንደከፈተች ጨለመች። ድምፅ ማጉያዎቹ አንዴ "ዛሬ" ብለው ጮኹና ዝም አሉ። ምንዋጋው ሪሞቱን መዳፉ ላይ መታ መታ አደረገው። ሰው ሁሉ ሪሞቱን ነው የሚያየው።

"በሉ አሁን ገባኝ" አሉ አያ ጌታሰው ረጋ ብለው። "ሬሲቨሩ አሮጌ ነው።"

አቶ ደጅይጥኑ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ምን አሉ? ካርቶኑ ከነማሸጊያው ነው የመጣው!"

"ካርቶንማ ይታሸጋል። ማሸጊያ ስንት ነው?"

"እኔ ነኝ ያገለገለ ዕቃ ለልጄ የማመጣው? ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው ልጅ ያስተማርኩ ሰው?"

"ያስተማሩትን ማን ነካብዎት? የገዙትን ነው ያልኩ።"

እየሩስ የአባቷን ፊት አየች። ልጅ ሆና የምትፈራውን ያን ቁጡ ፊት አላገኘችውም፤ ሌላ፣ ያረጀ ፊት ነው ያየችው። ሬሲቨሩን ሲገዙ የካርቶኑን ማሸጊያ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ የመረመሩ ሰው ናቸው። አሁን መላ ሰቆጣ ደጅይጥኑ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ካርቶን ለልጁ ሰጠ ብሎ ሊያወራ ነው። ሠርጉ ራሱ በዚህ ሊቆም ነው፤ አሮጌ ያመጣ እኩል አልወጣም።

አያ ደግሰው እጃቸውን ዘረጉ። "ጸጥ በሉ። ይሄ ነገር ምስክር አለው። ምንዋጋው፣ አንተ የቤቱ ባለቤት ነህ፤ ዕቃው ካንተ ጋር ነው የሰነበተው። ይሄ ሬሲቨር ከዚህ በፊት በደህና ሲሠራ አይተሃል ወይስ አላየህም?"

ጥያቄው ቀላል ነበር። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ እየሩስ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። እንዲያውም ደስ አላት፤ አሁን ይናገራል፣ ጫማው ሳይቀር የዘለለበትን ቀን ይናገራል፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። አየችው። እሱ አባቱን አየ፤ ወለሉ ላይ የተከመረውን ገመድ አየ፤ እሷን ግን አላያትም።

"እኔ..." አለ ምንዋጋው፣ "እኔ ያን ያህል አላስተዋልኩም።"

እየሩስ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ረጅሙን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ነቀለችው። ከቦርሳዋ አጭሯን አውጥታ ሰካች። ማንም አልከለከላትም፤ ሙሽራ በሽማግሌ ፊት ዕቃ ስትነካ አይተው ስለማያውቁ እንዴት እንደሚከለከልም አያውቁም።

የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ መጣ። አረፋው አንድ በአንድ ይታያል። ከግራም ከቀኝም ድምፅ ማጉያ የሚዘፍኑ ሴቶች ቤቱን ሞሉት፤ ነጭ አንሶላ እያወዛወዙ ደስ ብሏቸዋል። 

"እንግዲህ" አሉ አያ ደግሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሬሲቨሩ ነፃ ነው።"

አያ ጌታሰው ተነሱ። "ነፃ ይሁን። እኔ ግን ልጄን የምድረው ለሴት ነው እንጂ ለመብራት ሠራተኛ አይደለም። በሽማግሌ ፊት የኔን ዕቃ ነቅላ ጣለች። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምውጠው?"

እየሩስ ወደ አባቷ ዞረች። ከዚያ በኩል ቢያንስ አንድ ቃል ጠብቃ ነበር። አቶ ደጅይጥኑ ግን አጭሯን ገመድ በጣታቸው ጫፍ አንስተው እያዩዋት ነው።

"ይቺን ጅማት ማነው ያመጣው?" አሉ። "በእኔ ስም? ሰው ምን ይላል? እሳቸው ያንን ሲያመጡ፣ ደጅይጥኑ ይቺን አመጣ ነው የሚባለው! ብትነግሪኝ የሳቸውን እጥፍ አልገዛም ነበር? ማን ንኪ አለሽ?"

"አባዬ፣ አሮጌ አመጡ እያሉህ እኮ ነበር።"

"በሽማግሌ ይታይ ነበር! አጥፍተሻል። ይቅርታ ጠይቂ።"

"ትጠይቅ" አሉ አያ ጌታሰው።

ሁለቱ አባቶች ነገሩ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። አያ ደግሰውም ይሄን ስምምነት የመሰለ ነገር ከእጃቸው እንዳያመልጥ ቸኮሉ። "በቃ፣ እሑድ ድንጋይ ተሸክማ አማቷ ደጅ ትምጣ፤ ይቅር ይበሏት፤ ሠርጉ ይቀጥላል። ገመዱም የአያ ጌታሰው ይሁን። ተመርቋል።"

"አሜን" አለ ሰው ሁሉ። ምንዋጋውም አሜን አለ። ድምፁን ለይታ ሰማችው።

ግቢው በር ላይ ሮጦ ደረሰባት። እጇን ሊይዝ ፈለገ፤ አባቱ በመስኮት እንደሚታዩ ትዝ ሲለው ተወው።

"ምነው ትንሽ ብትታገሺኝ?" አለ በሹክሹክታ። "እኔ እኮ አስቤበት ነበር። እነሱ ሲሄዱ ያንቺን እሰካለሁ፣ አባቴ ሲመጣ የሱን እሰካለሁ። ማን ያውቃል? ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።"

"አሰብክበት?"

"ዕቅዴ ነበር እኮ።"

"አባትህ በየስንት ጊዜው ነው የሚመጣው?"

ምንዋጋው ጥያቄው ከልቡ መሰለው። "የሱ ወፍጮ ቤት እዚሁ ጎን ስለሆነ... ያው፣ ሲወጣ ሲገባ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ግን እሰማዋለሁ፤ ዱላው ደጁ ላይ ኳ ሲል እነሳለሁ።"

እየሩስ አየችው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል። ይሄኛው ዱላ ኳ ባለ ቁጥር ከእሷ አጠገብ ተነስቶ ቴሌቪዥን ኋላ የሚንበረከክ፣ ሲመለስም ጉልበቱን እያራገፈ ፈገግ የሚልላት ሰው ነው። ከገመዱ ቀጥሎ የልጅ ስም አለ። ከልጁ ስም ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። ለሁሉም ዕቅድ ያወጣል።

"ምንዋጋው" አለችው፣ "እሑድ አልመጣም።"

"ድንጋዩ ለወጉ ነው እኮ፣ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል፣ እኔ እመርጥልሻለሁ..."

"እሑድም አልመጣም፣ ከእሑድ በኋላም አልመጣም።"

ራሱን ማከክ ጀመረ። ትታው ወጣች።

አባቷ መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ገበያው የሚወርደውን መንገድ ያዙ። አንዲት ማር የምትሸጥ ሴት ከደጇ ብቅ አለችና "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ጋሼ! አየን እኮ ስትገቡ" አለች።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አሉ አቶ ደጅይጥኑ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው።

"አባዬ" አለች እየሩስ፣ "ሠርግ የለም። ለምንዋጋው ነግሬዋለሁ።"

 አባቷ የሰሙ ይመስላል፤ እርምጃቸው አንድ ጊዜ ተሳስቶ ተስተካከለ። ፊት ለፊት ድሮ ያስተማሩት አንድ ሰው በሬውን እየነዳ ይመጣል፤ ከሩቁ እጅ ነሳና "የኔታ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ለሠርጉ አይረሱን" አለ።

"አንተማ የቤት ልጅ!" አሉ አባቷ ሳቅ ብለው። "ጠሪ አትጠብቅ፣ ዝም ብለህ ና።"

እየሩስ ሰውየውን አየችው፣ አባቷን አየቻቸው። እጃቸው ገና ለሰላምታ እንደተዘረጋ ነው። ከሰውየው ኋላ ደግሞ ሁለት ሴቶች መንገድ አቋርጠው፣ ከወዲሁ ፈገግ እያሉ፣ ወደ እነሱ ይመጣሉ።